የተቆለፈው የታንጉት ሲዲ

ውዳሴ የእህቷን የታንጉትን ድምፅ የሰማችው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። ከቡሬ የመጣ አውቶቡስ መንገደኞቹን ሲያራግፍ ከውስጡ ዘፈን ይሰማል። ሳምንቱን ሙሉ እነዚያን ዘፈኖች ስታንጎራጉር ስለከረመች፣ መጀመሪያ በሐሳቧ የምትሰማው መስሏት ነበር። ከዚያ አንዲት ሻንጣ የያዘች ሴት ወደ ረዳቱ ዞር ብላ «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለችው።

የታንጉት አልበም ገና አልወጣም። የሚወጣው ለጥምቀት ነው፤ አምስት ሳምንት ይቀራል።

ውዳሴ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አራተኛው ዘፈን እስኪጀምር ጠበቀች። ዘፈኑ መሐል ላይ ሲደርስ ድምፁ እልም አለና ወዲያው ተመለሰ። ያቺን መቋረጥ በደንብ ታውቃታለች። የክፍሏ ልጅ ሙንዲር ሲቀዳላት የማጫወቻው ባትሪ አልቆ፣ በሌላ ቀይሮ የቀጠለባት ቦታ ናት። ይህች መቋረጥ ያለባት ኮፒ ደግሞ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም እነ ውዳሴ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች።

ረዳቱን ሲዲውን ከየት እንዳገኘው ጠየቀችው። ቡሬ ከአንድ ሱቅ እንደገዛው፣ ሌሎች ሱቆችም እየሸጡት እንደሆነ ነገራት።

ታንጉት ባሕር ዳር አንድ ምግብ ቤት መዝፈን ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አባታቸው አቶ ይርሳው ይህን የሰሙ ዕለት «እኔ ዘፋኝ አላሳደግሁም» ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሟን አንሥተው አያውቁም። ስትደውል ስልኩን ለእናቷ ሰጥተው ወደ ጓሮ ይወጣሉ።

በኅዳር መጨረሻ ታንጉት በሰው እጅ አንድ ሲዲ ላከች። «ናሙና ነው። ለአንቺና ለእቴቴ ብቻ። ማንም እንዳይገለብጠው ተቆልፏል» የሚል ወረቀት አብሮት ነበር፤ እቴቴ የሚሏት እናታቸውን ነው። ቁልፉ ግን ሰሚውንም የሚከለክል ሆነ። እቤት ያለው ዴክ ሲዲውን ደጋግሞ መለሰው። የልጇን ድምፅ ልትሰማ ሥራዋን ሁሉ ትታ የተቀመጠችው እናቷ ወደ ማድቤት ተመለሰች። ውዳሴን ያንገበገባት ይህ ነው።

በማግስቱ ሲዲውን ለሙንዲር አሳየችው። ወንድሙ መሐመድአወል የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ቤት አለው። ሙንዲር በኮምፒውተሩ ሞከረ፤ አላነበበውም። ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ አሮጌ የእጅ ማጫወቻ ከመሳቢያ አወጣ፤ እሱ አነበበው። አንድ ሽቦ ከማጫወቻው ወደ ኮምፒውተሩ ሰካና ዘፈኖቹ እየተጫወቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀዳቸው። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። «ቁልፉን አልነካነውም፤ በጎን ዞረን ገባን» ብሎ ሳቀ። ባዶ ሲዲ ላይ ገለበጠላትና ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን እንዳጠፋው ነገራት። ኮፒው እቤት ዴክ ላይ ሲሠራ እናቷ ሳትንቀሳቀስ ሰምታ ጨረሰችው። ከዚያ «ድገሚው» አለቻት።

አሁን ውዳሴ ወደ ቤት መሄዱን ትታ ወደ መሐመድአወል ሱቅ አቀናች። ሙንዲር ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ አጎቱ ሱቅ እንደሚውል ትዝ ያላት መንገድ ላይ ነው። ከዚህ በፊት ነገሩን ከቁም ነገር ቆጥራው አታውቅም።

ሙንዲር ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት አንድ ነገር ፈጥኖ ዘጋ።

«ዘፈኖቹን አጥፍቻለሁ ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«አዎ።»

«እውነትህን ነው?»

ሙንዲር እጁን ከማውዙ ላይ አነሣ። «አንዷን አስቀርቻለሁ፤ ሦስተኛዋን። ለራሴ ነው የምሰማት። ለማንም አልሰጠሁም።»

«ቡሬ እየተሸጠ ነው።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«ስለ አንዷ ዋሽተኸኛል። ስለ ሌሎቹ እንዴት ልመንህ?»

ፊቱ ሲቀላ አየችና ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም ብላ ወጣች።

ማምሻውን ታንጉት ደወለች። ወሬው አሳታሚው ጋ ደርሷል። ዘፈኑ የወጣው ከናሙናዎቹ ከአንዱ ነው፤ ማን እንዳወጣው ካልታወቀ ውሉን አፈርሳለሁ ብሏታል። አላለቀሰችም፤ ድምፅዋ ግን ድርቅ ብሎ ነበር። ለማን እንደሰጠች ስትጠይቃት ውዳሴ የሙንዲርን ስም ተናገረች። የሱቁንም ስም ጨመረች። ታንጉት የአሳታሚው ሰው ሰኞ ፍኖተ ሰላም መጥቶ ሱቁን በፖሊስ እንደሚያስፈትሽ ነገረቻት።

ስልኩ ሲዘጋ ውዳሴ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ታንጉት የላከችው ሲዲ በቦታው አለ። የኮፒው ግን ባዶ ሽፋኑ ብቻ ነው ያለው።

እናቷን ጠየቀቻት። እናቷ እንዳልወሰደችው ነገረቻት፤ «ታዲያ ማን ወሰደው?» ብላ ግን አልጠየቀችም። ውዳሴን ይህ ነገር ሲከነክናት አደረ።

ዓርብ ሙንዲር ክፍል ውስጥ ቦታ ቀይሮ ኋላ ተቀመጠ። ውዳሴ ነገሩን ለአንዲት ጓደኛዋ ነግራት ስለነበር በዕረፍት ሰዓት ግማሹ ክፍል ሰምቶታል። አንዱ ልጅ ጮክ ብሎ «ሙንዲር፣ ለእኛስ በስንት ትሸጥልናለህ?» አለው። ተሳቀ። ሙንዲር ወደ ውዳሴ አየና ዓይኑን መለሰ። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቷ ግቢ ውስጥ የመሥሪያ ቤታቸውን መኪና ይወለውሉ ነበር። ሾፌር ናቸው፤ በማግስቱ ፈረስ ቤት ከተማ የሚያደርሷቸው ሰዎች አሏቸው። ውዳሴ ውኃ በባልዲ ይዛ ስትቀርብ ከመኪናው ውስጥ ዝግ ያለ ዘፈን ሰማች። አባቷ እርጥብ እጃቸውን በመስኮት አስገብተው አጠፉት።

ባልዲውን አስቀመጠች። «አባባ፣ እዚያ ውስጥ ያለው ሲዲ የታንጉት ነው?»

አቶ ይርሳው ያንኑ የወለወሉትን መስታወት እንደገና ወለወሉት። ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሯት። እናቷ ስትሰማው በመስኮት አይተዋታል። ኮፒውን የወሰዱት ለሥራ ወደ ሽንዲ ከተማ የሄዱ ቀን ነው፤ ከእናቷም አልደበቁትም፤ ለልጆቹ እንዳትናገር ግን ለምነዋታል። ሁለት ቀን ብቻቸውን ሰሙት። በሦስተኛው ቀን አብሯቸው የተሳፈረ የቡሬ ሰው ድምፁን ወደደውና የማን እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ልጄ ናት አልኩት» አሉ። «ለአንድ ቀን አውሰኝ ሲለኝ እንቢ ማለት አቃተኝ። በማግስቱ መለሰልኝ። ይገለብጠዋል ብዬ መቼ አሰብኩ?»

ውዳሴ ስለ አሳታሚው፣ ስለ ሰኞውና ስለ ሙንዲር ነገረቻቸው። ጨርቁን ጨምቀው የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጉት።

«እነ መሐመድአወል ነጋዴዎች ናቸው፤ እንደምንም ይወጡታል» አሉ በመጨረሻ። «ለታንጉት ግን አትንገሪያት። ሁለት ዓመት ያላናገራት አባትሽ ዘፈኗን ተደብቆ ይሰማል ልትያት ነው?»

አባቷ እንዲህ ሲለማመጡ ሰምታ አታውቅም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ወደ ቤት ገብታ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠች። የሙንዲርን ስም ለመናገር ምን ያህል ትንሽ ጊዜ እንደፈጀባት አሰበች። ስለዚያች ዘፈን ስትጠይቀው እውነቱን የነገራት እዚያው ነበር። የዋሸበትን ብቻ ይዛ እውነቱን ማመኑን ረሳች። ነጋዴዎች ናቸው የሚለው የአባቷ ቃል አስደነገጣት፤ ቡሬ አጎቱ ሱቅ ይውላል ብላ ሙንዲር ላይ ለመፍረድ ስትቸኩል እሷም ያሰበችው ከዚህ አይርቅም።

ደወለች።

«እታለም፣ ሙንዲር አይደለም» አለች ታንጉት እንዳነሣች። «ተሳስቼ ነው ስሙን የሰጠሁሽ።»

«ታዲያ ማነው?»

አባቷ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ውዳሴ ስማቸውን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ግን ተወችው። ስልኩን ወደ እሳቸው ዘረጋች።

«ታንጉት ናት» አለች። «ከእርስዎ ብትሰማው ይሻላል።»

አቶ ይርሳው ወደ ጓሮው በር አዩ። ውዳሴ እጇ ቢደክማትም አላወረደችም። በመጨረሻ መዳፋቸውን በሱሪያቸው አብሰው ተቀበሏት።

«ታንጉት» አሉ። ወደ ጓሮ አልወጡም፤ ስልኩን እንደያዙ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ውዳሴ ቀጥሎ የሚሉትን ለመስማት አልቆየችም። ጫማዋን አድርጋ ወጣች። የመሐመድአወል ሱቅ እሑድም ክፍት ነው። ሙንዲርን ለብቻው ጠርታ ልታናግረው አስባ ነበር፤ መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀየረች። ሱቁን በስሙ የጠራችው እሷ ናት። ይቅርታውን በወንድሙም ፊት ልትጠይቀው ወሰነች።