ጓደኛ ያልነበረው ኢንሱሊን

ጄርዊን ፓላብሪካ የሞተው ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ ነው። በፊሊፒንስ ኢሎኢሎ ወደብ አጠገብ ባለው የመርከበኞች ክሊኒክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መርከብ ላይ ለመቀጠር ለሚጠየቀው የስኳር ምርመራ ደሙን ሰጠና ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ አግዳሚው ላይ ጋደም አለ። በመጀመሪያው ጀልባ ከጊማራስ ደሴት የመጣ መርከበኛ ሲተኛ ማንም አይቀሰቅሰውም። አራት ሰዓት ላይ ስሙ ቢጠራ አልተነሳም። ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

የፖሊስ መርማሪዋ ሻለቃ ዴሊያ ሄቻኖቫ ስትደርስ ዶክተር ቪላሩዝ ነገሩን ቋጭቶት ጠበቃት። ሐኪም አንዴ ከደመደመ መመለሱ ዳገት ነው።

«የስኳር በሽታ ደጃፍ ላይ የነበረ ልጅ ነው» አላት። «ሰውነቱ ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ቆሽቱ ያለ ልክ ያመርታል። ዛሬ አበዛው፤ ስኳሩ ወደቀ። የጠዋቱ ደም ውጤት ይኸው።»

ዴሊያ ባሏን የቀበረችው በዚሁ በሽታ ስለሆነ ወረቀቱን ለማንበብ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

«ታዲያ ሲ-ፔፕታይዱ የለም እስኪባል ድረስ ለምን አነሰ?»

ዶክተሩ መነጽሩን ወለወለ። እሷም ሬሳውን ገልጣ አየች። ክሊኒኩ ደም የቀዳው ከግራ ክንዱ ነው፤ በቀኝ ክንዱ ጀርባ ግን ሌላ የመርፌ ነጥብ አለ።

አብሮት የመጣውን ጓደኛውን ኤልሞን ጠራችው።

«መርከቧ ላይ በሱ ቦታ የምትወጣው አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ ማአም። ግን ወንድሜ ማለት ነው።» ልጁ ዐይኖቹ ቀልተዋል። «ጀልባው ላይ አላበው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ። ከረሜላ ለመነኝ። ‹ደም ሳትሰጥ ከበላህ ለሦስተኛ ጊዜ ትወድቃለህ፤ ደግሞ ፈርተህ ነው› ብዬ ሳቅኩበት።»

ቀጥሎ የጄርዊን እናት ናናይ ፓሲንግ ገቡ።

«ናናይ፣ የባለቤትዎን ኢንሱሊን የሚወጋው ማነው?»

«እኔው ነኝ ልጄ። እሱ ዐይኑ አያይም።»

«የት ላይ ይወጉታል?»

«ክንዱ ጀርባ ላይ።»

ዴሊያ እውነቱን መስማት አልፈለገችም፤ ሥራዋ ግን እሱ ነው። ዶክተሩን፣ ኤልሞንና ናናይ ፓሲንግን አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ሰውነት ኢንሱሊን ሲሠራ ሲ-ፔፕታይድ የሚባል ጓደኛውን አብሮ ያወጣል። የጄርዊን ቆሽት አብዝቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ከፍ ይሉ ነበር። ኢንሱሊኑ ጣራ ነክቷል፤ ጓደኛው የለም። ስለዚህ ከመድኃኒት ጠርሙስ የመጣ ነው። የክንድ ጀርባ ደግሞ ራስን በራስ ለመውጋት አይመችም። ላቡ ጀልባው ላይ ከጀመረው ደግሞ የተወጋው ቤቱ ነው። እዚያ ቤት መርፌ የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ናናይ ፓሲንግ አልካዱም።

«ምርመራው ላይ ሁለቴ ጣሉት። ለዛሬ ጠዋት ብቻ ስኳሩ ዝቅ እንዲልለት ብዬ ነው። ከአባቱ መጠን አላስበለጥኩም፤ አባቱን ምንም አይለውም።»

«አባቱ ከመርፌው በኋላ ሩዙን ይበላል፣ ናናይ» አለች ዴሊያ ቀስ ብላ። «ጄርዊን ግን ለምርመራው ጾሙን ነበር።»

ናናይ ፓሲንግ ወደ ዶክተሩ ዞሩ።

«ለመሆኑ ልጄ ምርመራውን አልፎ ነበር?»

ዴሊያ ዶክተሩ እንዲዋሽ ተመኘች። እሱ ግን መዋሸት አልለመደም።

«የሦስት ወሩን ስኳር የሚያሳይ ሌላ ምልክት አለ፤ የአንድ ቀን መርፌ አይለውጠውም። እሱ ወርዶለታል። ያለ መርፌውም ያልፍ ነበር።»

«ሩዝ ትቶ፣ በየቀኑ ወደቡ ድረስ በእግሩ እየሄደ ነበር እኮ» አሉ ናናይ ፓሲንግ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ጎበዝ ነው ቶቶዬ፣ ትንሹ ልጄ።»

ከዚያ ነገሩ ገባቸው።