በግማሽ የተከፈተው እግር

ሀብቴ ፎርት ዎርዝ ከተማ ባለው የእንጨት ሥራ ቤቱ፣ በአሮጌው የእንግሊዝ ታጣፊ ጠረጴዛ አጠገብ ግንባሩ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ጠረጴዛው ታጥፏል።

«አዳልጦት ነው» አለ አስከሬኑን ያገኘው የሥራ ሸሪኩ ጫላ፣ ከዘራውን ተደግፎ። «ጉልበቴን ኦፕሬሽን ካደረግሁ ወዲህ ብቻውን ነበር የሚሠራው።»

«ወንድሙ ነው የገደለው!» አለች ሚስቱ ብርቅነሽ፣ ማኪኒ ከተማ ካለው ሆስፒታል ከነሥራ ልብሷ እንደመጣች። «የእናታቸውን መርዶ ደብቆት ስንት ዓመት ተኳርፈዋል። ቀብሩ ላይ እንዳላየው!»

«እትዬ፣ እኔ ዛሬ እዚህ አልመጣሁም» አለ ተጠርቶ የደረሰው ታናሽ ወንድሙ ማኑሄ፣ ከበሩ ሳያልፍ።

የሞት መርማሪዋ ዕፀ ሕይወት ባትሪዋን አብርታ ከጠረጴዛው ሥር ገባች።

«ለምን እንዲህ ተሠራ?»

«የድሮ እንግሊዞች አዳራሹን ትተው በጠባብ ክፍል መብላት ሲጀምሩ ነው የመጣው» አለ ጫላ። «እግሩ እንደ አጥር በር ተከፍቶ ክንፉን፣ ይህን ታጣፊ ሳንቃ፣ ይሸከማል። ማቆሚያው ድረስ ካላወጣሽው ግን ይከዳሻል።»

ዕፀ ሕይወት ተነሥታ ሦስቱንም ወደ ጠረጴዛው ጠራቻቸው፤ እግሩንም ከፈተችው።

«ደሙ ያለው እግሩ ሲታጠፍ በሚደበቀው ገጽ ላይ ነው። ሶ፣ ሀብቴ ሲወድቅ ጠረጴዛው ክፍት ነበር፤ ኋላ ሌላ ሰው አጠፈው። ክንፉ ሥር ያለው አዲስ ጭረት ደግሞ እግሩ መሀል ላይ እንደቀረ ያሳያል። ሀብቴም ጫላም እንዲህ አይሳሳቱም። ብርቅነሽስ?»

«ስንቴ በልቼበታለሁ!»

«እንግዲህ የከፈተው ለጠረጴዛው እንግዳ ነው።» ወለሉን አሳየቻቸው። «ሰጋቱራው ላይ የሁለት ጉልበቶች አሻራ አለ። ጫላ መንበርከክ አይችልም። ለጠብ የመጣ ሰውም አይንበረከክም፤ ይቅርታ የሚለምን እንጂ።»

ማኑሄ ፊቱን ሸፈነ።

«ምሳ ይዤለት መጣሁ። ጠረጴዛውን እኔ ዘረጋሁት። ከዚያ የጋሼ እግር ላይ ወደቅሁ።»

«ሊያነሣህ ጎንበስ ሲል ክንፉን ተደገፈ» አለች ዕፀ ሕይወት በዝግታ። «ክንፉ ከዳው፤ ግንባሩ ከጠረጴዛው እግር ጋር ተጋጨ።»

«ጋሼ፣ ጋሼ ብል ትንፋሽ የለም። ገደለው ይሉኛል ብዬ ምሳውን ሰብስቤ፣ ጠረጴዛውን አጥፌ ሸሸሁ።»

ብርቅነሽ ጠየቀችው፦

«ምን አለህ?»

«ማን?»

«ሀብቴ! ጎንበስ ሲል ምን አለህ?»

«‹ተነሥ አንተ ቂል፣ ምሳው ይቀዘቅዛል› አለኝ።»

ብርቅነሽ ተጠግታው ክንዱን ያዘችው።

«እንግዲያው ሬሳውን ከፊት ሆነህ ትሸከማለህ» አለችው፤ እስከዚያች ሰዓት ይዛው የቆየችውንም ለቅሶ ደረቱ ላይ ለቀቀችው።