ፈቃዴን የጠበቁ አሥራ አንድ ጽሑፎች

«እና ይቺ ማን ናት?» አሉ የአናጢው እናት፣ የእንጨት ሥራ ቤቱ በር ላይ ቆመው ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጸጉሬ እያዩኝ።

የልጃቸው እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር። እንደ ጋለ ብረት ለቀቀኝ!

«እ... ድረ ገጽ የምትሠራልኝ ልጅ ናት» አለ።

ሁለት ዓመት ያፈቀርኩት ሰው... በእናቱ ፊት ካደኝ! ኮምፒውተሬን ዘጋሁ፣ ቦርሳዬን አነሳሁ፣ ከነመጋዙ ትቼው ወጣሁ።

ሥራዬስ እሱ ነው፣ አልዋሸም። ሳልቀጠር በግሌ ድረ ገጽ እሠራለሁ። የወንበርና የጠረጴዛ መሸጫ ገጹን ኮዱን ጽፌ፣ ፎቶውን አስተካክዬ ያቆምኩለት እኔ ነኝ። እሱ መዶሻ እንጂ ኪቦርድ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን የዋናውን ገጽ ምስል በሙሉ አጥፍቶ «አበላሸሁት መሰለኝ» ሲለኝ በሳቅ ፈነዳሁ፤ የወደድኩትም ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጽፈው ሁሉ እኔ አይቼ ካልፈቀድኩ እንዳይወጣ አደረግኩ።

ስልኩን ዘጋሁበት። ከድረ ገጹ የሚመጣልኝን መልእክትም ዘጋሁ። እሱ የማያውቀው የእህቴ ቤት ገባሁ። ከዚያ ደግሞ «ይቅርታ እንኳ አይለኝም!» ብዬ ቆሽቴ አረረ።

«ስልኩን ዘግተሽ፣ ቤቱን ደብቀሽ... በነፋስ ይላክልሽ?» አለች እህቴ።

«አንቺ ዝም በይ! ልክ ነው የማስገባው!»

በአርባኛው ቀን ቁጭ አልኩ። የይለፍ ቃሉ አሁንም በእጄ ነው። ከወንበሮቹ በላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «ይህ ሰው የሚወዳትን ይክዳል። ወንበሩን ማን ያምነዋል?» ደስ አለኝ!

ከማውጣቴ በፊት ግን ዓይኔ ወደ ጎን ሄደ። ፈቃድ የሚጠብቁ ጽሑፎች... አሥራ አንድ።

የመጀመሪያው በሄድኩ ማግስት የተጻፈ ነው። «እልኸኛዬ፣ ስልክሽ እምቢ አለኝ። ይህን ግን ማየትሽ አይቀርም...» ሰባተኛው፦ «ገጹን በየቀኑ እከፍታለሁ። አልወጣም። አንብበሽ ከለከልሽኝ ማለት ነው። ይገባኛል።» የመጨረሻው ለደንበኞቹ ነበር፦ «ይህን ገጽ የሠራችው የምወዳት ሴት ናት። እናቴ ስትጠይቀኝ ካድኳት። ፈሪ ነኝ።»

በሩን ቆልፌ ለምን አልገባህም ያልኩት ለካ እኔ ነኝ! ቂሜ ግን በቀላሉ አልለቀቀኝም። የእኔን ጽሑፍ አጠፋሁና የእሱን የመጨረሻ በዋናው ገጽ ላይ አወጣሁት። በገዛ አፉ ይዋረድ!

በነጋታው ስልኩን ከፈትኩለት። ወዲያው ደወለ።

«አወጣሽው!»

«እናትህ አነበቡት?»

«እናቴ ብቻ? ደንበኛው ሁሉ ሲገባ ‹ፈሪው፣ ደህና ዋልክ› እያለኝ ነው!»

«እሰይ!»

«እባክሽ አንሺልኝ...»

«ያንኑ እናትህ ፊት ቆመህ ስትናገር።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ቤቱ ሄድኩ። እናቱ አዲስ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አናጢው እጄን ያዘ፤ መዳፉ በላብ ርሷል።

«እማዬ፣ የምወዳት ይቺ ናት። ያን ቀን ዋሸሁሽ።»

እናቱ ቀና ብለው አዩኝ። «አንብቤዋለሁ። የታዘብኩት እሱን ነው፣ ልጄ» አሉና ተነሥተው ወንበሩን ለቀቁልኝ።

ጽሑፉን ያኔውኑ አነሳሁለት። ከተጋባን ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ፈቃዱን ግን እስከ ዛሬ አልሰጠሁትም፤ የሚጽፈው ሁሉ እኔን ይጠብቃል። ዛሬ ጠዋትም አንድ ነበር፦ «እልኸኛዬ፣ ምሳ ይዘሽልኝ ነይ።»

ከለከልኩት! ምሳውን ግን ይዤለት ሄድኩ።