የነፍሰ ጡሯ ብልቃጥ

«አዋላጅ ከሆኑ በከንቱ ደከሙ፤ ይህቺን የሚያዋልዳት እስር ቤት ነው» አለች የሟች ልጅ፣ በሩን በግማሽ ከፍታ።

«መርማሪ ነኝ።» ወፈር ያለች፣ ቦርሳዋን እንደ ጨቅላ ያቀፈች ሴት ስለሆነች፣ አዋላጅ ብትመስል አይፈረድም። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ እንክርዳድ አያልፋትም።

የቤቱ እመቤት ትናንት ቁርስ ላይ እንደተቀመጡ ልባቸው ቆሟል። ሳሎን ውስጥ የቀሩት ወንድ ልጃቸው፣ በሩን የከፈተችው እህቱና ሆዷ የገፋ ሚስቱ ናቸው።

«ምግቡን የምትሠራው እሷ ናት! እናቴን በላቻት!» አለች እህት።

«አፍሽን ሰብስቢ!» አለች ሚስት። «ሌሊት ሥራ፣ ጠዋት እንቅልፍ! እናትሽን መቼ አየሻቸው?»

ወንፊት ፖሊስ ወስዶት የነበረውን የነፍሰ ጡር የአይረን ኪኒን ብልቃጥ ከቦርሳዋ አወጣች። «ይሄን ማን ይወስዳል?»

«ሁለቱም» አለ ባል። «ይህቺ ‹ይጎዳኛል› ብላ ስታስቸግር፣ እናቴ ‹እኔን ካልገደለኝ አንቺን አይገድልሽም› እያለች ሁልጊዜ ቁርስ ላይ ቀድማ ትውጥ ነበር።»

«እናቴ? የነፍሰ ጡር ኪኒን?» እህትየዋ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች።

ወንፊት ወደ ሚስት ዞረች። «ታዲያ አንቺ ለምን አልሞትሽም?»

«ያቅለሸልሸኛል… ከምላሴ ሥር ደብቄ እተፋዋለሁ።»

«ለልጄ እንኳ ሳታስቢ!» ባል ጮኸ።

«ዝም በል!» አለች ወንፊት። «መትፋቷ ነው እሷንም ጽንሱንም ያተረፋቸው። አንቺም እውነተኛውን ሲሰጡሽ ዋጪ። እዚህ ብልቃጥ ውስጥ የተገኘው የሟች አባታችሁ የልብ መድኃኒት ነው፤ ቅላቱ ከአይረኑ ጋር አንድ ነው። መሳቢያው ደግሞ ለሦስታችሁም ክፍት ነው።»

«እሷ ናታ!» አለች እህት። «አውቃ ነው የተፋችው!»

«ትናንት ሐኪም የእሷን ደም ሲያይ ከመድኃኒቱ ጥቂት አግኝቶበታል። መርዝ መሆኑን የምታውቅ እርጉዝ ከምላሷ ሥር አታሟሟውም። ወንድምሽም ሚስቱን መግደል ፈልጎ ቢሆን፣ እናቱ ቀድመው እንደሚውጡ እያየ እዚህ ብልቃጥ ውስጥ አይጨምርም። እናቱን እንዳይገድል ደግሞ፣ ልጁ ሲወለድ ቤቱን አወርሰዋለሁ ብለው ነበር፤ ከዚያ በፊት መሞታቸው አይጠቅመውም። በዚህ ውርስ የተቃጠለው ማን ነው? ቁርስ ላይ ነቅቶ የማያውቅ፣ ማን ቀድሞ እንደሚውጥም ያላየ ሰው።»

እህትየዋ ብድግ አለች። «እናቴን መግደል አልፈለግኩም! ልማል?»

«ለዳኛው ማይለት፤ ‹ታዲያ ማንን መግደል ፈለግሽ?› ማለቱ አይቀርም።»