አድራሻውን ማን ሰጠው?

ማርቲ ሱሉልታ በተከራየቻት ክፍል ውስጥ ራሷን ተፈንክታ፣ ክንዷ ተሰብሮ ተገኘች። ለጥቂት ነው የተረፈችው። የመታት ባሏ አሥራት መሆኑን ራሷ ተናገረች፤ እሱም ቡራዩ ተያዘ።

ታዲያ ምን ቀረ? ማን ጠቆመው የሚለው ቀረ። ማርቲ ከእሱ ስትሸሽ አድራሻዋን ለእናቷ እንኳ አልነገረችም። እናቷ ለአሥራት ያመለጣቸው «ፍቺውን አረጋሽ እየጻፉላት ነው» የሚለው ብቻ ነው። አድራሻው የተጻፈው ሰበታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ በሚጽፉት በእትዬ አረጋሽ ላፕቶፕ ላይ ነበር። ማመልከቻው ገና አልገባም።

አሥራትም «አረጋሽ ናት የነገረችኝ» ብሎ ድርቅ አለ። እትዬ አረጋሽ ታሰሩ። ሃያ ዓመት የሰው ገበና ሲጽፉ አንዲት ቃል ያላመለጠቻቸው ሴት! ወይ ጉድ።

ኢንስፔክተር መገርሳ ላፕቶፑን ይዞ ዓለም ገና፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ወንዳፍራሽ ሱቅ ገባ። ወንዳፍራሽ ላፕቶፑን ሲያይ ክው አለ። ያውቀዋል።

«የይለፍ ቃሉን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም» አለ መገርሳ። «የሚጽፉበት ቤት አልተሰበረም። ዘበኛውንም መረመርኩት፣ ንጹሕ ነው። ሰው ሳይነካው ሊገባበት ይችላል?»

ወንዳፍራሽ «አይችልም» ሊል ነበር። አንድ ቃል ናት፣ ማን ይጠረጥረዋል? ግን ዓይኑ ላፕቶፑ ጎን ላይ የተሰካችው ትንሽ ዋይፋይ ላይ አረፈ። የሰካት እሱ ነው። የሚያሠራትን ድራይቨር የጫነውም ከዚያች ከማትለየው አሮጌ ፍላሹ ነው። አሮጌው ድራይቨር ሰርጎ ገብ የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳለበት ከታወቀ ቆይቷል፤ አምራቹም ማስተካከያ አውጥቷል።

እትዬ አረጋሽ ጠይቀውት ነበር። «አንተ ልጅ፣ ይሄ አዘምን፣ አዘምን እያለ የሚጨቀጭቀኝ ምንድነው?»

«ይተዉት እትዬ፣ ፓኬጅ ይበላብዎታል» ብሎ አጠፋላቸው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለካ ወደው አይደለም።

«ምን ሆንክ? እየጠየቅኩህ እኮ ነው» አለ መገርሳ።

«ይችላል፣ ኦቦ መገርሳ።»

«በምን?»

«ዋይፋዩ ከበራ ይበቃል። የይለፍ ቃል አይጠየቅም። አጠገብ ያለ ሰው ሆን ብሎ ያበላሸውን መልእክት በአየር ይልካል፤ አሮጌው ድራይቨር ሳያጣራ ይቀበላል። ከዚያ ላፕቶፑ የላኪው ነው።»

«አጠገብ ስትል?»

«ከእሳቸው ጎረቤት ያለው ጁስ ቤት ይበቃል።»

መገርሳ ማስታወሻውን ገለጠ። ባለ ጁስ ቤቷ አሥራት ላፕቶፕ ከፍቶ ሦስት ቀን ሲቀመጥ አይታዋለች።

«ቀዳዳው እዚህ ላፕቶፕ ላይ እንዳለ ግን በምን አወቀ?»

ወንዳፍራሽ ይሄን ከተናገረ ሱቁም ስሙም አለቀ። ዝም ካለ ግን እትዬ አረጋሽ እስር ቤት ይከርማሉ።

«ከእኔ ነው» አለ።

አሥራት ኔትወርክ መዘርጋት ሥራው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት መጥቶ የዚያችኑ ዓይነት ዋይፋይ ገዛ፣ ጨዋታ ጀመረ። ወንዳፍራሽም ደረቱን ነፍቶ «ከሰበታ እስከ ሱሉልታ በዚህ ፍላሽ ያልሠራ ላፕቶፕ የለም! የእትዬ አረጋሽም በዚሁ ነው» አለው። ድራይቨሩንም ገልብጦ ሰጠው። አይ ጉራ!

በማግስቱ በአሥራት ላፕቶፕ ውስጥ የማርቲ ማመልከቻ ተገኘ።

«አረጋሽን ለምን አሳሰርካቸው?» አለው መገርሳ።

«ትዳሬን በብዕሯ ያፈረሰችው እሷ ናት። አብራኝ ትታሰር ብዬ ነው።»

እትዬ አረጋሽ ተፈቱ። ወንዳፍራሽ ሱቁን ዘግቶ ከፉሪ እስከ ቡራዩ ደንበኞቹን በየቤታቸው ዞረ። አዲሱን ድራይቨር ከአምራቹ እያወረደ ጫነ፣ ያጠፋውን ማዘመኛ መልሶ ከፈተ፣ «ካልተጠቀማችሁበት ዋይፋዩን አጥፉት፤ ምሥጢር ያለበትን ሥራ በኬብል አድርጉት» እያለ ለመነ። አንዱ ሽማግሌ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉት። እውነታቸውን ነው።

እትዬ አረጋሽ ዋይፋይዋን ነቅለው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። «እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ። ለማርቲ ግን ራስህ ሄደህ ንገራት።»

ሄደ። ማርቲ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ተኝታለች። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት።

«ያንን ድራይቨር ለሱ ስትሰጠው ስንት አስከፈልከው?» አለችው በመጨረሻ።

ወንዳፍራሽ መሬት መሬት አየ።

«በነጻ ነው የሰጠሁት።»

ማርቲ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።