ደወሉ እስከሚሰማበት ድረስ

ባለብስክሌቱ እኮ ሰላም ሊላት ብሎ ነው ደወሉን የነካው!

«ቅጭል... ቅጭል!»

እሷ በወይኑ ረድፍ መካከል ጎንበስ ብላ ዘለላ እየቆረጠች ነበር። ድምፁን ስትሰማ መቀሷን ጣለች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ «መጣሁ! መጣሁ!» እያለች ወደ ቤት በረረች። እሱ አንድ እግሩን ጠጠሩ ላይ አስነክቶ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከኋላው በብስክሌት የሚከተሉት እንግዶችም ቆሙ።

«ምን አደረግካት?» አለው አንዱ እየሳቀ።

«ምንም! ሰላም ነው ያልኳት...»

ይህን ሁሉ ያየሁት ከመስኮቴ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ያለው መስኮቱ ሥር፣ መስኮቱ የሚያሳየው ደግሞ የጎረቤቶቼን የወይን እርሻ ነው። ታዲያ ዓይኔን ጨፍኜ ልስፋ እንዴ?

ልጅቷን ሰፈሩ በሙሉ «መጣሁ» እያለ ነው የሚጠራት። ከአፏ የማይጠፋ ቃል ነዋ። እናቷ ካረፉ በኋላ አባቷን ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ወንድሞቿ ትዳር ይዘው ርቀው ሄደዋል። በስልክ «አይዞሽ» ይሏታል፤ «አይዞሽ» ደግሞ ሰው አንስቶ አያስቀምጥም። ማጠቡም፣ ማጉረሱም፣ እርሻውም የሷ ሆነ። አባቷ አልጋቸው አጠገብ ትንሽ የነሐስ ደወል አለች። ውኃ ሲጠማቸው ቅጭል። ትራሱ ሲጎረብጣቸው ቅጭል። ዝንብ ስታርፍባቸው ቅጭል! እሷም ያቺ ደወል ከማትሰማበት ቦታ ሄዳ አታውቅም። ከእርሻው ጫፍ ጫካው ይጀምራል። በየቀኑ ታየዋለች፤ አባቷ ከታመሙ ወዲህ ግን እግሯ አልረገጠውም።

ባለብስክሌቱ ሥራው ለእረፍት የመጡ ሰዎችን በጠጠር መንገድ መምራት ነው፤ በወይን እርሻዎች መካከል አሳልፎ፣ ጫካውን አቋርጦ፣ ወይን የሚቀመስበት ቤት ያደርሳቸዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ባለፈ ቁጥር ይደውላል፤ በደወለ ቁጥር ትሮጣለች። አንድ ቀን ደግሞ ፀጉሩን አበጥሮ መጣ። ሄልሜት ለሚደፋበት ፀጉር! እሷ ግን እንደ ልማዷ በረረች። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ቀየረ። በወዲያኛው ኮረብታ በኩል መሄድ ጀመረ።

እሷ ደግሞ አንገቷን እያሰገገች መንገዱን ማየት አበዛች።

«ማንን ነው የምታዪው?» አልኳት በአጥሩ በኩል።

«ወፍ ነው እትዬ። ወይኑን እንዳይለቅመው።»

«ወፉ ባለ ሁለት ጎማ ነው?»

ፊቷ ከወይኑ ብሶ ቀላ። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ሞተ።

«አንድ ቀን እንኳን ቆሜ ሰላም አላልኩትም። እሱ ባለፈ ቁጥር አባዬ ይጠራኝ ነበር... የሚያስፈራኝ ደግሞ፣ ሮጬ ስደርስ "አልጠራሁሽም" ይለኝ ነበር። መዘንጋት ጀመረ መሰለኝ እትዬ። እሱም ከጨመረበት እኔ ምን ይውጠኛል?»

ያኔ ነው የነቃሁት። እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ አባቷ የጠሯት ነበር የሚመስለኝ። ለካ የብስክሌቱ ደወልና የአልጋው ደወል ድምፃቸው አንድ ነው! ስነግራት ልቅሶም ሳቅም ተደባለቀባት።

በማግስቱ ባለብስክሌቱን ልጅ አስፋልቱ ዳር የተነፈሰ ጎማ ሲለጥፍ አገኘሁት።

«አንተ ልጅ፣ ያቺን ምስኪን ለምን ታስሮጣታለህ?»

«እኔ? እሷ ናት እንጂ የምትሸሸኝ! ሰው ሰላም ሲባል እንዲህ ይበራል? ጅብ ያየች እኮ ነው የምትመስለው!»

ሁሉንም ነገርኩት። መንፊያውን እንደያዘ ሰማኝ። ከዚያ መፍቻውን አወጣ፣ ደወሉን ከመሪው ላይ ፈታ፣ ኪሱ ከተተ።  እኔ ልጁን የወደድኩት ያኔ ነው።

በነጋታው ብቻውን መጣ፤ ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ። ረድፉ ጫፍ ላይ ቆመ።

«ደወል የለኝም» አላት።

«ምን?»

«ፈትቼዋለሁ። አሁን ከሮጥሽ እኔን ጠልተሽ ነው ማለት ነው።»

አልሮጠችም። እንዲያውም ሳቀች... እንዴት ያለ ሳቅ! እኔ ሳቋን ስሰማ መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

ከዚያ በኋላ እንግዶቹ ከመነሳታቸው በፊት ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ዘለላ የሞላውን ሳጥን ይሸከምላታል፤ እሷ ከተሸከመችው ያነሰ፣ እውነቱን ለመናገር። ሲያወሩ እሷ አንዱ ጆሮዋ ሁልጊዜ ወደ ቤት ነው። ወሬ መካከል ቅጭል ሲል ትነሳለች፤ እሱ ቃሉን አንጠልጥሎ ይጠብቃታል።

አንድ ቀን እጇን ይዞ ወደ ጫካው ወሰዳት። የመጨረሻው ረድፍ ጋ ስትደርስ ግን ቀጥ አለች።

«ከዚህ አላልፍም።»

«ምነው? እዚህ አጥር የለም እኮ!»

«አለ። አንተ ስለማይታይህ ነው። ከዚህ ካለፍኩ ሲጠራኝ አልሰማም።»

«ለአንድ ሰዓት ብቻ...»

«አንድ ሰዓት ይፈጃል መሰለህ ሰው ለመሞት?»

እጇን እንደያዘ ወደ ኋላ መለሳት። 

የወይን ለቀማው አልቆ ዝናቡ ሲቃረብ የሚሠራበት ድርጅት ወደ ባሕር ዳርቻ ሊያዛውረው መሆኑን ነግሯት ሄደ... አይ፣ እንዲህ በቀላሉ አልነገራትም። ሲዞር ሲዞር ቆይቶ ነው።

«ቆይ በይኝና ልቆይ» አላት። «አንዲት ቃል ብቻ።»

«ቆይ ብዬህ አንተም ከኔ ጋር ታስረህ ልትቀር? ሂድ!»

«የምርሽን ነው?»

«ሂድ አልኩህ እኮ!»

ጀርባዋን ሰጠችው። እሱም ሄደ። እሷ ወይኑ መካከል ቁጭ ብላ፣ ቀሚሷን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ስታለቅስ አየኋት። ጮክ ብላ እንኳን አታለቅስም እኮ! ካለቀሰች ደወሉን አትሰማማ። ይሄ አንጀቴን በላው።

የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ወደ እሷ ሄድኩ።

«ነገ ጠዋት አባትሽ ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

«ከኔ ሌላ ሰው አይቀበልም እትዬ።»

«ይቀበሉ አይቀበሉ መቼ ጠየቅኳቸው? ልጁ ከነገ ወዲያ ነው የሚሄደው። አንድ ቀን አብረሽው ውጪ። ከዚያ ከፈለግሽ ተመልሰሽ አልቅሺ።»

ለልጁ ስልክ ደወልኩለት። በማግስቱ ሁለት ብስክሌት ይዞ መጣ። እሷ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ «አባዬ፣ ዛሬ እትዬ አለችልህ» ብላ ወጣች። ኮርቻው ላይ ስትወጣ ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደች፤ ከዚያ የልጅነቷ ትዝ አላት መሰለኝ ቀጥ ብላ ሄደች። ጫካው ዋጣቸው።

ገና ከመሄዷ፣ ቅጭል!

«ውኃ ላምጣ ጋሼ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቅጭል! ትራሱን አስተካከልኩ። ቅጭል! መስኮቱን ከፈትኩ። ቅጭል! ዘጋሁት። ላብ አጠመቀኝ። ይቺ ልጅ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቻለችው?

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት! ምን ፈልገው ነው?»

ደወሏን ደረታቸው ላይ አስቀምጠው ጣሪያውን አዩ። ምላሳቸው ስለሚከብድ ቃላቸው እየተጎተተ ነው የሚወጣው።

«ምንም አልፈልግም። መኖሯን... ለማወቅ ነው።»

«የት ትሄድብዎታለች?»

«እናቷ... ጠርታኝ ነበር። እዚሁ ሆና። እኔ ወይኑ ውስጥ ነበርኩ። አልሰማኋትም።»

እንባቸው በደህናው ጎናቸው ብቻ ወረደ። እኔ ወሬኛዋ፣ ጎረቤታቸው ሆኜ ይህን ሁሉ ጊዜ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ልጅቷም አታውቅም።  እጃቸውን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ አልደወሉም።

እኩለ ቀን ሲሆን ተመለሱ። ጭቃ እስከ ጉልበቷ፣ ቅጠል ፀጉሯ ላይ፣ ጉንጯ ፍም መስሎ። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ያ ሁሉ ከፊቷ ጠፋ።

«አባዬ... ጠርተኸኝ ነበር?»

«አዎ።»

«አልሰማሁህም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «አልሞትኩም።»

አልጋው ሥር ተንበረከከች። ልጁ ሄልሜቱን በሁለት እጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«እወደዋለሁ አባዬ። ትቼህ አልሄድም። ግን በደወልክ ቁጥር ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። ተኝቼ እንኳን ጆሮዬ አይተኛም። እንዲህ ሆኜ ከኖርኩ ካንተ ቀድሜ የማልቀው እኔ ነኝ።»

እንዲህ ብላ ተናግራ አታውቅም።  እሳቸውም ስለ እናቷ የነገሩኝን በሚጎተት ምላሳቸው ነገሯት። እሷ እጃቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ በዚህ ጊዜ ጮክ ብላ ነው። ሲበቃት ጋሼ ዓይናቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«አንተ!»

«አቤት ጋሼ!»

«ወይን መግረዝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«እና ምን ልታደርግልን ትቆያለህ?»

ልጁ ፊቱ በራ። «ትቆያለህ» የምትለዋን ሰምቷታላ!

«እማራለሁ» አለ። «ቆይ የሚለኝ ሰው ነበር የጠፋው።»

«ቆይ» አለች እሷ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «አሁን ብዬሃለሁ። ቆይ!»

ባሕር ዳርቻው ቀረ። ዝናቡ ሲያባራ እዚያው ወይኑ መካከል ተጋቡ፤ የሙሽራዋን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ብስክሌት ላይ ለመቀመጥ እንዲመቻት አድርጌ ነው የሰፋሁት፤ ከሠርጉ በኋላም እንዲያገለግላት። መግረዝ ግን አሁንም አልሆነለትም። ጋሼ በመስኮት እያዩ ይሰድቡታል፤ ሲሰድቡት ምላሳቸው ይፈታል፤ ሐኪሙም ጥሩ ነው ብሏል።

እሑድ እሑድ ሁለቱ ወደ ጫካው ይወጣሉ፤ እኔ ከጋሼ ጋር ካርታ እጫወታለሁ። በአንድ እጃቸው እንዴት አድርገው እንደሚያጭበረብሩኝ እስካሁን አልደረስኩበትም። ባለፈው እሑድ እሷ ሄልሜቷን እያሰረች አንገቷን በበሩ አስገባች።

«አባዬ፣ ሄድን! ቶሎ እንመለሳለን።»

ጋሼ ዓይናቸውን ከካርታው አላነሱም።

«አትቸኩሉ» አሏት።