በሁለት መዳፍ የሞቁት ሴንሰሮች

አቶ ዱሬሳ ሰኞ ጠዋት አልጋቸው ላይ ሞተው ሲገኙ፣ ከራስጌያቸው የከሰል ምድጃ ተቀምጦ ነበር። በሩም መስኮቱም ዝግ። ከእንጦጦ ሥር ባለው በዚያ ብርዳም ሰፈር ከሰል ያፈነው ሰው ብርቅ አይደለምና ጎረቤቱ ከንፈሩን መጦ ድንኳን ተከላውን ተያያዘው። ኢንስፔክተር አገርነሽ ግን እንዲህ በቀላሉ የምታምን ሴት አይደለችም፤ የገዛ እናቷ «መድኃኒቴን ውጫለሁ» ሲሏት እንኳ ክኒኑን ቆጥራ ነው የምትተኛው። አስከሬኑ ለምርመራ ከሄደ በኋላ፣ ግድግዳው ላይ በተለጠፈች አውራ ጣት የማታክል ነገር ላይ ዐይኗ አረፈ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ሴንሰር ናት፤ ሙቀት ትለካለች» አለ ሊሊሳ፣ የሟቹ ታናሽ ልጅ። ዐይኑ በለቅሶ አብጧል። «በየክፍሉ፣ በጓሮ በረንዳውና በጋራዡም አለች። አባዬ ብርድ ሲጠናበት ከሰል በድብቅ ያስገባ ነበር። መኝታ ቤቱ ድንገት ከሞቀ ስልኬ እንዲጮህ አድርጌ ነበር።»

«ታዲያ ጮኸ?»

«አልጮኸም። ጭራሽ መኝታ ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነበር፣ የሞቀው ሳሎኑ ነው ይላል።»

ወይ ሴንሰሯ ዋሽታለች፣ ወይ ልጁ፣ አለች አገርነሽ በልቧ።

ጓሮ ውስጥ ናፍቆት፣ ምድጃው የሷ ነው ተብላ፣ እጇ በካቴና ታስሮ ተቀምጣለች። ወላጅ የላትም፤ እዚያው ቤት ያደገችና ሽማግሌውን የምትጦር ልጅ ናት።

«ምድጃውን ያቀጣጠልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ውኃ አሙቄ የጋሼን እግር አጠብኩና ምድጃውን በረንዳው ላይ ትቼው ተኛሁ። ሳላጠፋው! ተነስተው አስገብተውት ይሆናል። እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ እሰሩኝ!»

«አንቺ ግን አላስገባሽም?»

«በማርያም! በረንዳው ላይ ነው የተውኩት።»

ታላቁ ልጅ ከበበ ሾላ ገበያ የቤት ዕቃ ይነግዳል። ካራ ያለው እርሻቸው ተሸጦ ካለቀ ወዲህ ለአባትዬው የቀራቸው ይኸው ቤት ነው፤ «እንሽጠው» ብሎ ሲወተውታቸው አሻፈረኝ እንዳሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ምድጃው የሷ፣ እሳቱ የሷ፤ ምን ይመረምራሉ?» አለ ከበበ።

«እርስዎ አባትዎን ካዩ ቆዩ?»

«ከሳምንት በላይ ሆኖኛል። የሾላ ሥራ መች ቀና ያደርጋል!»

«ከታች ያለው ጋራዥስ?»

«የኔ መጋዘን ነው፤ ቁልፉም ከኔ በቀር ማንም ጋ የለም። መኪና ያለኝም እኔ ብቻ ነኝ፤ ሊሊሳማ ታክሲ ነው የሚጋፋው» ብሎ ፈገግ አለ። በአባቱ ለቅሶ ፈገግታ! አገርነሽ ያዘችበት፤ ከጋራዡ ወደ ጓሮ የሚወጣውን ደረጃም አየት አድርጋ ወደ ሊሊሳ ተመለሰች።

«ሴንሰሮቹን በተራ ነው የምትጠይቃቸው?»

«ድሮ እንደዚያ ነበር። ስልኬ አንዷን ለኪ ብሎ ይጠብቃል፣ ከዚያ ቀጣይዋን፤ ጋራዡ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያዋ መልስ ያረጃል። አሁን አንዴ ‹ሁላችሁም ለኩ!› ይልና ሁሉም እኩል ይለካሉ። መልሱን ነው በየቁጥራቸው እየጠራ የሚሰበስበው።»

«ቁጥሩ ያለው ግድግዳው ላይ ነው ወይስ እሷው ውስጥ?»

«እሷው ውስጥ። ከፋብሪካ ይዛው ነው የምትመጣው። ‹መኝታ ቤት› የሚለውን ስም የሰጠሁትም ለቁጥሩ ነው።»

 አገርነሽ ሁሉንም መኝታ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሊሊሳ፣ ስልክህን ለሁሉም አሳይ» ብላ ግድግዳው ላይ ያለችውን ሴንሰር በመዳፏ ጨበጠች። ሁሉም ወደ ስልኩ አንገቱን አሰገገ። «መኝታ ቤት» የሚለው ንቅንቅ አላለም። «ሳሎን» የሚለው ወደ ላይ ወጣ።

«ውይ!» አለ ሊሊሳ። «ተቀያይረዋል!»

«አዎ፣ ስልክህ እንዳይጮህ ተብሎ። ስለዚህ ድንገተኛ አደጋ አይደለም። አሁን ቅዳሜ ከሰዓትን አውጣልኝ። ይኸው፣ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት የሰው ገላ ያህል ሞቀዋል። በተራ ቢለኩ ኖሮ እኩል መሞቃቸውን አናውቅም ነበር። አንድ ሰው አንዷን በቀኝ፣ አንዷን በግራ መዳፉ ይዞ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ጋራዡ ሞቋል፤ ከመንገድ የገባ የመኪና ሞተር ነው። እሑድ ማታም እንዲሁ ጋራዡ ሞቀ፣ ቀጥሎ የጓሮ በረንዳው ሲቀዘቅዝ ይሄ ክፍል መሞቅ ጀመረ። ምድጃው ከዚያ ተነስቶ እዚህ ገባ ማለት ነው። የጋራዡ ቁልፍ ደግሞ ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ከበበ ዞረ።

«መልሰው ሊቀያይሯቸው አስበው ነበር» አለችው አገርነሽ። «ግን ለቀስተኛው ቀደመዎት። በለቅሶ ቤት ማን ብቻውን ይሆናል? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው ይቺ ምስኪን ልትታሰርልዎ ነበር።»

የናፍቆት ካቴና ሲፈታ ልጅቷ እጆቿን ማመን አቅቷት አገላብጣ አየቻቸው። አልገደለቻቸውም። ሊሊሳ አቅፏት ሁለቱም ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

«ቤቱን አልሸጥም አለ» አለ ከበበ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ከሰሉን ሲያስገቡላቸው ነቅተው ነበር?»

«ነቅቶ ነበር።»

«ምን አሉዎት?»

ከበበ መሬት መሬቱን አየ።

«ዛሬስ ብርዴን አሰብክልኝ አለና መረቀኝ።»